ስትሮክ የመታው ሰው የሚመለሰው ወደየት ነው?

ወሩ ግንቦት ነው። ድሬዳዋ ላይ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢሆንም ቆርቆሮው መጋል ጀምሯል። ስማቸው ይቆይና፣ ሰፈሩ "መካኒኩ" የሚላቸው የ61 ዓመት አባት በረንዳቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ሳለ ብርጭቆው ከቀኝ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ባለቤታቸው "አንተ፣ ምን ሆንክ?" ቢሏቸው የመለሱት ቃል እንደ ሰካራም ንግግር የተኮላተፈ ነበር። አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

ለባለቤታቸው ቶሎ የመጣላቸው ሐሳብ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቀው ቀቧቸው፤ ራሳቸውን በሻሽ አሰሩላቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "ሙቀቱ ነው፣ ውሃ አፍስሱባቸው" አለ። ሌላው "ትንሽ ይተኙ፣ ይለቃቸዋል" አለ። ሁሉም ለመርዳት ነው የመጣው፤ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው የለም። አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ለምሳ ስትመለስ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ፊታቸውን እንዳየች ቦርሳዋን ጥላ ባጃጅ ልትጠራ ሮጠች።

እነዚያ አምስት ሰዓታት ቀላል አይደሉም። ስትሮክ ማለት የአንጎል ክፍል በድንገት ደም ማጣት ነው። ወይ የደም ቧንቧው በረጋ ደም ይዘጋል፣ ወይ ቧንቧው ይፈነዳና ደሙ አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ደም ያጣው ክፍል በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በአብዛኞቹ የአገራችን ሆስፒታሎች አይገኝም፤ ቢሆንም ቶሎ መድረስ ዋጋ አለው። ደም መፍሰስ አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን የሚለየው፣ ግፊትና ስኳር የሚስተካከለው፣ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጥንቃቄ የሚደረገው እዚያ ነው።

መካኒኩ ሆስፒታል ሲደርሱ ግፊታቸው 210/120 ነበር። ሲቲ ስካኑ የፈሰሰ ደም እንደሌለ አሳየ፤ የተዘጋ ቧንቧ ነው ተባለ። በዘጠነኛው ቀን "ተሽሏቸዋል፣ ቤት ይውሰዷቸው" ተብሎ ወረቀት ተሰጠ። ወረቀቱ ላይ የግፊት መድኃኒት፣ አስፕሪን፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት ተጽፏል። መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ አለች፦ "ፊዚዮቴራፒ"።

ቀኝ እጃቸው እንደ ተንጠለጠለ፣ ቀኝ እግራቸው እየተጎተተ፣ መካኒኩ በልጃቸውና በባጃጁ ልጅ ትከሻ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ገቡ። ወደየትኛው ቤት? ወደዚያው፣ ስትሮኩን ሲያበስል ወደኖረው ቤት።

◆ ከሰማይ አልወረደም

በእኛ አነጋገር ስትሮክ "ይመታል"፣ "ይጥላል"። ድንገት ከውጭ የመጣ ዱላ ይመስላል። የመካኒኩን ቤትና ኑሮ ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን ዱላው ለሃያ ዓመት ሲጠረብ እንደነበር ይረዳል።

መጀመሪያ ግፊቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመውና በ32 አገሮች የተካሄደው ትልቁ የስትሮክ ጥናት ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ ያስቀመጠው ከፍተኛ የደም ግፊትን ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ገደማ የሚሆኑት ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኛው ሰው አይታወቀውም፤ ግፊት አያሳክክም፣ አያስነጥስም። መካኒኩም ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ተለክተው "ከፍ ብሏል" ተብለው ነበር። ክኒኑን ለሁለት ወር ወሰዱ፤ ደህና ነኝ ብለው ተዉት።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የገባ ሰው ሹራብ ሲፈልግ፣ ድሬ ያለው ሰው ሸሚዙን ያወልቃል። ሰውነት ሲሞቅ በላብ ውሃ ያጣል፣ ደም ይወፍራል፣ ልብ ቆዳን ለማቀዝቀዝ በኃይል ይሠራል። ግፊት ወይም ስኳር ላለበት ሽማግሌ ይህ ትልቅ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት ኒውሮሎጂ የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚለው፣ ከ1990 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ከፍተኛ ሙቀት ከስትሮክ ጋር ለተያያዘ ጉዳትና ያለዕድሜ ሞት ያለው ድርሻ በ72 በመቶ ጨምሯል። መካኒኩ ደግሞ ሙቀት የሚያገኛቸው ከሰማይ ብቻ አልነበረም። በድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ወጣትነታቸውን ጨርሰው፣ ባቡሩ ሲቆም በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ብየዳ ቤት ከፈቱ። ከላይ ፀሐይ፣ ከፊት እሳት። ማታ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ቤት፤ ቀን የጋለው ጣሪያ እስከ እኩለ ሌሊት አይበርድም።

ሦስተኛው ጭሱ ነው። ያው ጥናት የአየር ብክለትን ከግፊትና ከሲጋራ ጋር ከዋነኞቹ የስትሮክ መንስኤዎች ተርታ አስቀምጦታል። ጭስ ሲባል የፋብሪካ ጭስ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የሲጋራ፣ የብየዳ፣ የባጃጅ ጭስ ሁሉ ይቆጠራል። በመካኒኩ ቤት የከሰል ምድጃው የሚቀጣጠለው መኝታ ቤቱ በር ሥር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ምግቡ ሁሉ ከሰል ላይ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ቡናው አለ፣ ዕጣኑ አለ። ደቃቁ የጭስ ብናኝ በሳንባ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ የደም ቧንቧ ግድግዳን ያስቆጣል፣ ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። መስኮት ዘግቶ ማጨስ እንጂ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ማንንም አያስደነግጥም።

አራተኛውን ድሬ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ያስኮርፋል። ጫት። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የተቀራረበ ነው፤ የልብ ምትን ያፋጥናል፣ የደም ቧንቧን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በርጫ ደግሞ ቅጠሉ ብቻ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ለሰዓታት መቀመጥ፣ ሲጋራ፣ በስኳር የተሞላ ሻይ ወይም ለስላሳ፣ ያልተበላ እራት፣ ያልተተኛ ሌሊት፣ የተረሳ ክኒን አብረውት ይመጣሉ።

ያ የላንሴት ኒውሮሎጂ ጥናት በ2021 ዓለም ላይ 11.9 ሚሊዮን አዲስ የስትሮክ ሕመም፣ 7.3 ሚሊዮን ሞት መድረሱን ገምቷል። ከስትሮክ ጉዳት 84 በመቶው ሊቀነሱ ከሚችሉ 23 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነውም ብሏል። እንግዲህ ሆስፒታሉ መካኒኩን አክሞ የመለሳቸው እነዚህ ምክንያቶች አንድም ሳይጎድሉ ወደሚጠብቋቸው ቤት ነው። አንድ ጊዜ ስትሮክ የያዘው ሰው ለሁለተኛው ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል።

◆ አንዷን ቃል መተርጎም

የልጅቷ ሥራ "ፊዚዮቴራፒ" የምትለዋን ቃል ወደ ኑሮ መተርጎም ሆነ። በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሕክምና ወሰደቻቸው። የሕክምናው ክፍያ አለ፤ የባጃጅ ኮንትራት አለ፤ ከትምህርት ቤት ፈቃድ መለመን አለ። ሁለተኛው ወር ላይ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ሦስተኛው ላይ በወር አንድ ቀን። የቀረውን ባለሙያው ያሳያትን እያስታወሰች ቤት ውስጥ ታሠራቸው ጀመር።

ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ያስተማራት ምን እንደሚሠራ ሳይሆን ምን እንደማይሠራ ነበር። ቤተሰቡ መካኒኩን ከአልጋ ሲያነሳ የሞተውን እጅ እየጎተተ ነበር፤ የዛለ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወልቃል፤ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ተጋድመው እያሉ አጥሚት ያጠጧቸው ነበር፤ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው የማይሰማው እግራቸው ሥር ያኖሩ ነበር፤ ያቃጥላል፣ እሳቸው ግን አይሰማቸውም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ከፍቅር ነው። በመውጫው ወረቀት ላይ ግን አንዱም አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ በኋላ መደጋገም መጣ። አንጎል የሞተውን ክፍል አያስነሳም፤ በሕይወት ያለው ክፍል ግን የጠፋውን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል። የሚማረው በመደጋገም ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ሳይሆን በመቶዎች ጊዜ። ለጤነኛው እጅ የሚቀለውን ሥራ ሁሉ ለግራው ከሰጡት ደካማው ጨርሶ ይረሳል። ልጅቷ መጀመሪያ ያመጣችው የጎማ ኳስ ነበር። መካኒኩ ለሁለት ቀን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉና "እኔ ሕፃን ነኝ?" ብለው ወረወሩት። በማግስቱ ከብየዳ ቤቱ አንድ ጣሳ ሙሉ ቡሎንና ዳዶ አመጣችላቸው። ትልቁን ዳዶ በትልቁ ቡሎን ላይ ማዞር፤ ከዚያ መካከለኛውን፤ ከዚያ ትንሹን። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ የሚያውቀው ሥራ ነው። ላባቸው እየተንቆረቆረ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀመጡበት ጀመር። አንድ ዳዶ ለማስገባት አንድ ሳምንት ፈጀባቸው።

የሚያለቅሱባቸው ቀናትም ነበሩ። በድሬ አባት ልጁ ፊት ማልቀሱ እንግዳ ነገር ነው፤ ባለቤታቸው "ጸባዩ ተለወጠ" ብለው አዘኑ። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በድብርት ይያዛሉ፤ ሕመሙ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ሕክምናም አለው። ይህንንም ልጅቷ የሰማችው በአራተኛው ወር ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከየጎረቤቱ መጥቶላቸዋል፤ ልጅቷ ሁሉንም በምስጋና ተቀበለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ "ክኒኑን እንዳታስቆሙብኝ።"

"ቤተሰብ እያለ ምን ችግር አለ?" የሚል ይኖራል። በህንድ 14 ሆስፒታሎች ውስጥ 1,250 በሽተኞችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ፈትኖ ነበር። ለቤተሰብ አጭር ሥልጠና ሰጥቶ ቤት ውስጥ እንዲያሠራ ማድረግ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ቤተሰብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ያለ ቤተሰብ መካኒኩ ዛሬም አልጋ ላይ ነበሩ። ነገር ግን የባለሙያን ሥራ በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ጥሎ "ተሃድሶ ተሰጠ" ማለት አይቻልም። ያቺ ልጅ የትርፍ ሰዓት ማስጠናቷን አቁማለች። እናቷ ሰው በማንሳት ወገባቸው ታሟል። ይህ ወጪ በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ ላይ አይወጣም።

◆ ጓደኞቹ

ከባዱ ነገር የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። የመካኒኩ ጓደኞች፣ አብዛኞቹ የድሮ ባቡር ሰዎች፣ ጨርሰው ቀርተው ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩን እያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ሁለቱ መጡ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። መካኒኩ ከስትሮኩ ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው በርቶ አያውቅም። ልጅቷ ምርጫ ገጠማት። በሩን ብትዘጋ አባቷ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቸኝነትም ይገድላል። ብትከፍት ሁለተኛውን ስትሮክ ቤት ማስገባት ነው።

ዘጋችው። አባቷ ለሦስት ቀን አላናገሯትም። ዳዶውንም አልነኩም።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ ከጓደኞቹ አንዱ ቤት ሄደች። "ጋሼ፣ አባዬ የናፈቀው ጫቱን አይደለም፤ እናንተን ነው። ከሰዓት አትምጡበት። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ኑና አብራችሁት ተራመዱ" አለቻቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና "አቦ፣ እኔስ ግፊት የለብኝ መሰለሽ?" አሏት።

አሁን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስት ሽማግሌዎች በከዚራ ዛፎች ሥር ቀስ እያሉ ሲሄዱ ይታያሉ። "ከዚራን በከዘራ" ብለው ሰፈርተኛው ይቀልድባቸዋል። አንደኛው ጓደኛ ግን አልመጣም፤ ከሰዓት በኋላውን መርጧል። መካኒኩ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል።

◆ የከተማዋ ድርሻ

ድሬዳዋ ስለ ሙቀት ከማንም ሳትማር የምታውቀው ነገር አለ። ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ ማረፍ ስንፍና የሚመስለው እንግዳ ብቻ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲደርስ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ከዚራ በዛፍ ጥላ የተሠራችው በምክንያት ነው። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ግን ጥላ የላቸውም፤ ቆርቆሮ ብቻ። ዛፍ ሲተከል ለውበት ይባላል። እዚህ ከተማ ዛፍ የጤና ጉዳይ ነው፤ ኮርኒስም፣ ጭስ የሚያስወጣ ማዕድ ቤትም፣ የማይቆራረጥ መብራትም እንዲሁ።

ተሃድሶውም ቢሆን ከባዶ አይጀመርም። በድሬዳዋ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ መሥራት የሚያውቅ ከተማ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ይዞራሉ። ከስትሮክ የወጣ በሽተኛ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስት ቢገባ፤ በሌሎቹ ቀናት ኤክስቴንሽኗ ግፊት ብትለካና ልጅቷ የምታሠራውን ብታርም፤ የመውጫው ወረቀት ስለ ትከሻው፣ ስለ አዋዋጡ፣ ስለ ምድጃው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አንድ ገጽ ቢጨምር፣ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ሆስፒታሉ "ተሽሎታል" ብሎ ሲያሰናብት ለማን እንዳስረከበ ማወቅ አለበት። ዛሬ የሚያስረክበው ለማንም ነው።

በመካኒኩ ቤት ጅቡቲ ያለው ወንድ ልጅ በላከው ብር ኮርኒስ ተሠርቷል። ምድጃው ከመኝታ ቤቱ በር ወደ ግቢው ጥግ ተዛውሯል። ጨው የሚጨመረው በማንኪያ ተለክቶ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ግፊታቸው ባለፈው 138/84 ነበር። ቀኝ እጃቸው ትልቁን ዳዶ ያዞራል፤ ትንሹን እስካሁን አልቻለም። ምናልባትም አይችል ይሆናል። ብየዳ ቤቱ ተከራይቷል።

ባለፈው ሰሞን በአጥር ማዶ ያሉ አሮጊት ቡና ሲያፈሉ ጀበናው ከእጃቸው ወደቀ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ምች ነው"፣ "ሙቀቱ ነው" ሲባባል መካኒኩ ከዘራቸውን ይዘው በተኮላተፈ አንደበታቸው እየጮኹ መጡ፦ "ባጃጅ! ዳማከሴውን ተዉት፣ ባጃጅ ጥሩ!" አሮጊቷ በ40 ደቂቃ ሆስፒታል ደረሱ።

ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ሰዓቱን አይቶ ወዲያውኑ መሄድ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ደግሞ ከክኒኑ እኩል አንድ ጥያቄ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፦ ይህ ሰው የሚመለሰው ወደ ምን ዓይነት ቤት ነው?